ራትሚ በምትኳ ሰው የላከች ጊዜ

ራትሚ የአንድ ሰዓቷን ዋጋ አሳምራ ታውቃለች። ሱምበርጃቲ መንደር ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ አፏን ሞልታ የምትናገረው ግን እሷ ብቻ ነበረች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በሰዓት ስንት የተማሪ ሸሚዝ እንደሚወጣት፣ ነጋዴዋ ለአንዱ ስንት እንደምትከፍላት፣ ክሩና መብራቱ ሲቀነስ በእጇ ስንት እንደሚቀር ሳትጽፍ ትናገራለች። ጎረቤት ለወሬ ብቅ ሲል እግሯ ከመርገጫው አይነሳም። «አውሪ፣ አውሪ፣ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ ወሬውንም ያሳጥራል።

በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበረባት። እናቷ ከሞቱ ሺህ ቀን ሊሞላ ነው። የሺህኛው ቀን ሰደቃ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይቆማል፣ በሟች ስም የሚደገስ ነገር አይኖርም። የአርባውም የመቶውም ቀን በዝናብና በችግር ውስጥ እንደ ነገሩ አልፈዋል። ይህኛውን ግን ደህና አድርጋ፣ መንደሩን ሁሉ ጠርታ ማብላት ፈለገች። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ሃያ ሴት ያስፈልጋል።

ሱምበርጃቲ ውስጥ ድግስ ወዳለበት ቤት ሴቶች የየራሳቸውን ቢላዋ ይዘው ይሄዳሉ። ሦስት ቀን ይልጣሉ፣ ይፈጫሉ፣ ያበስላሉ። ደሞዝ የለም፤ ወንፈል ነው። የመጣችልሽ ቤት ትሄጃለሽ፣ የሄድሽላት ትመጣልሻለች።

እናቷ ፓኢነም ከዚህ ወንፈል ቀርተው አያውቁም። ሌላ ጊዜያቸውን ሁሉ መሊንጆ የሚባል የዛፍ ፍሬ ሲጠፈጥፉ ኖሩ። ፍሬው በጋለ አሸዋ ይቆላል፣ ሳይበርድ ይፈለፈላል፣ ድንጋይ ላይ ሆኖ በመዶሻ ይመታል፤ እንደ ወረቀት ሲሳሳ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲጠበስ እንደ ቅጠል የሚንኮሻኮሸው እሱ ነው። ራትሚ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች የእናቷን ሥራ አንድ ቀን አሰላችው።

«እማዬ፣ እርስዎ እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ ደብድበው የአንድ ብርጭቆ የበረዶ ሻይ ዋጋ አያገኙም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ሻዩን ልጠጣ?»

«ጊዜዎን ያባክናሉ ነው የምለው።»

«አባከነች የሚባለው ሌላ ገዥ እያላት ነው። የኔን ሰዓት ማን ጠየቀኝ? እስኪ የሚገዛኝ ሰው አምጪና ይህን መዶሻ ዛሬ ልጣለው።»

 ራትሚ ለዚህ መልስ ያገኘችው ቆይታ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ከተማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፤ ልጅ ስትወልድ ባጠራቀመችው መኪናዋን ገዝታ ወደ መንደር ተመለሰች። ያኔ ሰዓቷ ገዥ አገኘ። ገዥ ሲያገኝ ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ አብሮ ተወደደ። ገበያ ቆሞ ስለ ቃሪያ ዋጋ መከራከር ኪሳራ ሆነ። በእጅ ማጠብም ኪሳራ ሆነና የልብስ ማጠቢያ በዱቤ ገባ። እናቷ ሦስት ቀን ሰው ቤት ሽንኩርት ሲልጡ ቢበዛ የጥቂት ብርጭቆ ሻይ ነገር ነበር የሚቀርባቸው። ራትሚ ግን ያው ሽንኩርት፣ ያው ቢላዋ፣ ያው ሦስት ቀን፣ የሚቀርባት የወር መብራትና የልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይህን ማሰብ ኃጢአት አልመሰላትም፤ አሁንም አይመስላትም።

ሰደቃው ሁለት ወር ሲቀረው አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ጁሚኒ ልጇን ልትድር ሆነ። ጁሚኒ ምላሷ የሰላ፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት፤ ራትሚን በጥቂት ዓመት ትበልጣታለች። በወጉ መሠረት ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት በር መጣች።

«ሥራ ላይ ሆነሽ አስቸገርኩሽ።»

«ኧረ ምን ችግር አለ ምባክ፣ ግቢ» አለቻት ራትሚ፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራቻት።

«የልጅቷ ነገር ደርሷል። ጉልበትሽን ልለምን ነው የመጣሁት። ሌላው ቢቀር አንቺ አትቅሪብኝ፤ ከአማቶቼ ወሬ የምታስጥለኝ አንቺ ነሽ።»

«እንዴት እቀራለሁ? እመጣለሁ እንጂ።»

ጁሚኒ አመስግና ሄደች። በሳምንቱ ነጋዴዋ ሃርናኒክ ደወለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ሸሚዝ ጎድሏል፣ ራትሚ ይህን ያህል ካደረሰች ዋጋው ይጨመርላታል። የምታደርስበት ቀን ሲታይ የሠርጉ ሦስት ቀናት መሐል ላይ ቁጭ ብለዋል። ራትሚ ለእሷም እሺ አለች።

ማታ ለባሏ ለሱጊቶ፣ ማስ ብላ ለምትጠራው፣ ነገረችው። ሱጊቶ ወንዝ ዳር አሸዋ መኪና ላይ የሚጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

«ማስ፣ እስኪ ስማኝ። ሦስቱን ቀን ብሰፋ በቀን መቶ ሃምሳ ሺህ ሩፒያ አገኛለሁ። ከወንዙ ማዶ ላስሚ የምትባል ሴት አለች፤ በቀን ሰባ ሺህ ብሰጣት በምትኬ ሄዳ ትሠራለች። ደግሞ ከኔ ትበረታለች። ጁሚኒ የተሻለ እጅ አገኘች፣ ላስሚ ደሞዝ አገኘች፣ ነጋዴዋ ሸሚዟን አገኘች፣ እኔም ልዩነቱ ቀረልኝ። የተጎዳ ሰው አለ?»

ሱጊቶ ሩዙን እያኘከ አሰበ። «የለም።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?»

«ምንም የተጎዳ ሰው የሌለበት ነገር አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

«ሂሳቡ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው አልኩሽ እኮ። ቃሪያውን አቀብዪኝ።»

ላስሚ ስትጠየቅ ጆሮዋን ማመን አልቻለችም። «ሰው ቤት ሄጄ ሽንኩርት ልላጥ፣ ምሳ ልብላ፣ ማታ ቋጥረው ይስጡኝ፣ ባናቱ ደግሞ አንቺ ልትከፍዪኝ? ምባክ፣ ደህና ነሽ ግን?»

በድግሱ የመጀመሪያ ቀን ላስሚ ቢላዋዋን ይዛ ሄደች። ራትሚም መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከአጥሩ ወዲያ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል፣ የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ሸሚዙ ግን ይከመራል። አመሻሽ ላይ ላስሚ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ይዛ ደሞዟን ልትቀበል መጣች።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው። ኮኮናቱን ሁሉ እኔ ነኝ የፈቀፈቅሁት። እነዚያ ሴቶች አፋቸው ሲሠራ እጃቸው ይቆማል።»

«ማን ነሽ አላሉሽም?»

«አሉኝ እንጂ! ያቺ አሮጊት፣ የወጥ ቤቱ አዛዥ…»

«ቡ ካሲነም» አለች ራትሚ፤ ቡ እዚያ እማማ እንደማለት ነው።

«አዎ፣ እሳቸው። ‹በማን በኩል ነው የመጣሽው?› አሉኝ። የራትሚ ነኝ አልኩ። ‹ዘመዷ ነሽ?› አሉ። ኧረ አይደለሁም፣ በቀን ሰባ ሺህ ትከፍለኛለች አልኳቸው።»

የራትሚ እጅ መቀሱ ላይ ቆመ። «ገንዘቡንም ተናገርሽ?»

«ምነው? የተሰረቀ ነው እንዴ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁሉም ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ቆይታ አንዷ ‹እንግዲያው የኔ ሦስት ቀን ሁለት መቶ አሥር ሺህ ነዋ!› አለች። ሌላዋ ‹አንቺ? በላጥሽው ልክ ቢሆን ሃያም አታወጪ› አለቻት። ከዚያ በቃ፣ ይህቺ ድንች ስንት ትላጣለች፣ ይህቺ ማማሰል ስንት ታወጣለች እያሉ ሲሳሳቁ ዋሉ። ባለ ድግሷ ብቻ አልሳቀችም።»

ራትሚ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠቻት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ላስሚ ሄደች፤ ሸሚዞቹም በቀናቸው ደረሱ። ራትሚ ለሠርጉ ወትሮ ከሚሰጠው ወፈር ያለ ፖስታ ይዛ ሄዳ ሙሽሮቹን መረቀች። ጁሚኒ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ ፈገግ አለችላት፣ ወደ ሌላ እንግዳ ዞረች።

ሠርጉ አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ ጁሚኒ መጣች። በፊት በር ነው የመጣችው፤ አልተቀመጠችም።

«ላስሚ ጥሩ ሠራተኛ ናት» አለች።

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ከኔ እሷ ትፈጥናለች።»

«ትፈጥናለች። በሦስተኛው ቀን ግን አራት ሴቶች ቀሩብኝ። በደሞዝ ጡብ ተሸክመው ዋሉ። ‹ቀን ሰባ ሺህ የሚያወጣ ከሆነማ› ተባባሉ። እነሱን አልቀየምኩም። እኔ ራሴ ያን ቀን ምን ስሠራ እንደዋልኩ ታውቂያለሽ? ሳባዛ። ሃያ ሴት በሦስት ቀን በሰባ ሺህ። ሙሽራዋ ስትወጣ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ እያባዛሁ ነበር። ጠዋት የሙሽራ እናት ነበርኩ፣ ማታ ባለዕዳ ሆኜ ተኛሁ።»

«ምባክ፣ ዋጋው እኮ ዱሮም ነበረ። እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ነበረ። ተከድኖ ነበር» አለች ጁሚኒ፤ የላስሚን የሦስት ቀን ደሞዝ የራትሚ ስፌት መኪና ላይ አስቀመጠች። «የላክሽልኝ ሠራተኛ ነው። ለሠራተኛዬ ራሴ እከፍላለሁ።»

እሷ ከወጣች በኋላ ራትሚ ገንዘቡን ሳትነካ ሁለት ሸሚዝ ሰፋች። ሁለቱንም አንገታቸውን አጣምማ ኖሮ መልሳ ተረተረቻቸው።

የሰደቃው ቀን ሲቃረብ እሷም በተራዋ ንጹሕ ልብስ ለብሳ በፊት በር በፊት በር እየዞረች ጉልበት ለመነች። ማንም እምቢ አላላትም። ሱምበርጃቲ ውስጥ እምቢ የሚባል ቃል ሰው ፊት አይነገርም። ሁሉም ሻይ ቀዱላት፣ ስለ እናቷ ደግ ደጉን አወሩላት፤ «ኢንሻአላህ» አሉ። ኢንሻአላህ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ይከተለዋል። ሌላኛውን የሚከተለው ዝምታ ነው። ራትሚ ያገኘችው ሁለተኛውን ነበር። ጁሚኒም ሻይ ቀድታላት ኢንሻአላህ አለቻት።

ከተማ ምግብ አዘጋጅ ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ሩዙም ዶሮውም በየሳጥኑ ሆኖ ይመጣል፤ ከሰደቃው ሦስት ቀን በፊት ቀብድ መክፈል ብቻ ነው። ዋጋውን ሰምታ ስትመለስ አውቶቡሱ ላይ አሰላችው። ሸሚዙ ያስገኘላት ትርፍ የዚህን ድግስ አንድ አሥረኛ አይሸፍንም። ያ የሃያ ሴት ጉልበት ለካ እሷም ስትከፍለው የኖረችው ነገር ኖሯል፤ አንድ ጊዜ አንድ ቀን፣ ሌላ ጊዜ ሦስት ቀን እየሰጠች። የላስሚን ደሞዝ ስታሰላ ይህን ጎን አልጻፈችውም ነበር። ለሁለተኛ መኪና ያስቀመጠችውን ብታወጣ ትችላለች። ግን እናቷ በሕይወት ዘመናቸው የሰው ወጥ ቤት ሲያሞቁ ኖረው፣ የመጨረሻ ሰደቃቸው በካርቶን ከከተማ ሲጫን ታያት።

በማግስቱ ቡ ካሲነም ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ዳክዬዎቻቸውን እየመገቡ ነበር።

«ቡ፣ ምክርዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«በነፃ ነው ወይስ ትከፍያለሽ?»

ራትሚ አንገቷን ደፋች፤ ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ።

«ስንቷ ናት ኢንሻአላህ ያለችሽ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ካሉማ ማንም አይመጣም።» ጥራጥሬውን በተኑ። «ስሚ ልጄ። እኛ አንቆጥርም ብለሽ አስበሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ማን ስንት ቀን እንደመጣች፣ ማን ቀድማ እንደሄደች፣ ዶሮ ሲበለት ማን ሽንት ቤት እንደምትገባ አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። ካንቺ የምንለየው አፋችንን ስለምንዘጋ ነው።»

«እኔስ ምን ላድርግ ቡ? ሰዓቴ ገዥ አለው። እንደሌለው ሆኜ ልዋሽ? በዚያች መኪና ነው ልጄን የማስተምረው።»

«የትኛው ሰዓትሽ ነው ገዥ ያለው?»

«እንዴት?»

«ከሱብሂ አዛን በፊት ትሰፊያለሽ?»

«ኧረ! የመኪናዋ ድምፅ ጎረቤት ያስነሳል።»

«እኔ ደግሞ ሰው የሚጠፋብኝ ያኔ ነው። የሩዙ እሳት የሚነደው ከሱብሂ በፊት ነው፤ ሁሉም ባሏን አቅፋ ትተኛለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሃያ ሴት ከብባ አንድ ቅርጫት ሽንኩርት ትሻማለች። ያንን የንጋቱን ሰዓት ሰጥተሽኝ ፀሐይ ሲወጣ ወደ መኪናሽ ብትሄጂ ማን ቀረች ይልሽ ነበር? አልጠየቅሽኝም። ሰው ላክሽ።»

ራትሚ እቤቷ እስክትደርስ ይህንኑ አሰበች። ሰዓትን እስካሁን እንደ ጨርቅ ስትለካው ነበር፤ ከየትም ብትቆርጪው አንድ ሜትር አንድ ሜትር ነው። ለካ አይደለም። እሷ ዘንድ ርካሽ የሆነው ወጥ ቤት ውስጥ ውድ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ የተረፈው እሷ ዘንድ ውድ ነው። ይህም ቢሆን ሂሳብ ነው፤ ደስ አላት። ደስ ያላት ግን ጁሚኒን እስክታስታውስ ድረስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከመንደሩ ጫፍ ያለች ሴት የልጅ ልጇን ስም ልታወጣ ደገሰች። ራትሚ ሳትጠራ ለቡ ካሲነም «የሩዙን እሳት እኔ ልያዝ» አለቻቸው። ገና ሳይነጋ ቢላዋዋን በሻርፗ ጠቅልላ ሄደች። ምድጃው ዘንድ ስትደርስ እንጨት የምትሰነጥቅ ሴት አገኘች። ጁሚኒ ናት። ለልጇ ሠርግ ለመጡላት ሁሉ ውለታቸውን ተራ በተራ ልትመልስ፣ የማይወደደውን ሰዓት መርጣ መጥታለች።

ሰላምታ ተለዋወጡ። ሁለቱን ትልልቅ የእንፋሎት ድስቶች አንድ ላይ አንስተው ጣዱ፤ ለብቻ የሚነሳ ነገር አይደለም። ሩዙ እስኪበስል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጭሱ ወደ ጁሚኒ ሲሄድ ራትሚ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላት።

«እና» አለች ጁሚኒ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፣ «ዛሬ ሰዓቱ ስንት ገባ?»

«በዚህ ሰዓት ገዥ የለም፣ ምባክ። የሚገዙት ሁሉ ተኝተዋል።»

ጁሚኒ ላለመሳቅ ታገለች፤ በአፍንጫዋ ወጣባት። «ትልቅ ሌባ ነሽ አንቺ። የማይሸጠውን ነው የሰጠሽን ማለት ነው።»

«አዎ። ያለኝ እሱ ነው። እሱን በፊት ልሰጥሽ ይገባኝ ነበር።»

«ይገባሽ ነበር» አለች ጁሚኒ። «ሦስት ቀን ሙሉ አማቶቼ መሐል ብቻዬን ተውሽኝ። እኔ መች ኮኮናት ፈቅፋቂ ፈለግሁ? አማቴ ወጡ ጨው የለውም ስትል ዓይን ለዓይን የምተያያት ሰው አጥቼ ነው።»

ራትሚ ይቅርታ ጠየቀች። ጁሚኒ እንጨት ጨመረች። ለሰደቃው እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። ፀሐይ ብቅ ሲል ራትሚ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ማንም ምንም አላላትም።

ቀብድ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። ሱጊቶ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ላይ ጠበቃት።

«እንሂድ ወይስ አንሂድ?»

ራትሚ ገንዘቡን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከከፈለች ሰው መጣም አልመጣም እንግዳው ይበላል። ግን ሳጥኑ መታዘዙ ከሰዓት በፊት መንደሩን ያዳርሳል፤ ያኔ መምጣት ያሰበችውም ትቀራለች፣ ከዚያም በኋላ የራትሚ ቤት ሁሉ ነገር በገንዘብ የሚያልቅበት ቤት ነው። ካልከፈለች ደግሞ የእናቷን ሰደቃ በአንድ የእሳት ዳር ሳቅ ላይ ጥላዋለች።

«ሞተሩን አጥፋው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ዝም ብለህ አጥፋው።»

በዚያው ገንዘብ ሩዝ፣ ዶሮና ዘይት ገዛች። ለሃርናኒክም ደውላ በሰደቃው ቀናት ቀን ቀን እንደማትሰፋ፣ የጎደለውን ለሌላ ሰው እንድትሰጥ ነገረቻት። ሃርናኒክ ቅር አላት፤ ለሌላ ሰጠች። ራትሚ ይህን ያህል ቀረብኝ ብላ በልቧ አሰላችው፤ ግን ለማንም አልተናገረችም።

በመጀመሪያው ቀን ንጋት እሳቱን ለኩሳ ምድጃው ዳር ብቻዋን ተቀመጠች። ቡ ካሲነም ቀድመው መጡ። ከእሳቸው በኋላ እነዚያ ጡብ ተሸካሚዎቹ አራቱ መጡ፤ አሮጊቷ በየቤታቸው ዞረው «ከሱብሂ በፊት ኑና ፀሐይ ሲወጣ ሥራችሁ ግቡ» ብለዋቸው ኖሯል። ሩዙን አጥበው፣ ውኃውን ሞልተው፣ እንጨቱን ደርድረው ፈገግ እያሉ ሄዱ። ሲነጋ ሌሎች መጡ። ሁሉም አልመጡም፤ ሃያ አልሞሉም፤ ሁለት ሴቶች እስከ መጨረሻው አልተገኙም። ድንቹ ግን ይላጣል፣ ኮኮናቱም ይፈቀፈቃል፣ ሥራው ቆሞ የሚጠብቅ አልነበረም።

ጁሚኒ የመጣችው በጓሮ በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ነው። ቢላዋዋን በእጇ ይዛለች።

«ይህን ዶሮ ማነው እንዲህ የበለተው?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «መኪና ገጭቶት ነው?»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ራትሚ ጨው ልትቀምስ ስትነሳ ቡ ካሲነም ማማሰያውን ከእጇ ቀሟት። «ባለ ድግስ ወጥ ቤት አይገባም። ሂጂ ተቀመጪ። እንግዳ ተቀበዪ።»

እንግዳ አልነበረም፤ የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ራትሚ በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እጇ ጭኗ ላይ ሥራ ፈቶ ተኛ። የሚሰፋ የለም፣ የሚላጥ የለም፤ ከውስጥ ሃያ ያልሞሉ ሴቶች ድምፅ ይመጣል፤ ስለ እናቷ ያወራሉ፣ ስለ አማቶች ያወራሉ፣ ይሰዳደባሉ። ትንሽ አደመጠች። ከዚያ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት።

አንዷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ አየቻትና ልትቀሰቅሳት ጎንበስ አለች።

«ተያት» አለቻት ጁሚኒ ከበሩ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትተኛ። ስንት እንደሚያወጣ ስትነቃ ራሷ ትነግረናለች።»